የትልቁ አንጀት ከረጢቶች ሕመም፦ ምልክቶቹና አካላዊ መሠረታቸው

ዳይቨርቲኩለም የሚባለው የትልቁ አንጀት ውስጠኛ ሽፋን በጡንቻው ግድግዳ ሾልኮ ወደ ውጭ ሲወጣ የሚፈጠር ትንሽ ከረጢት ነው። ከረጢቱ የሚወጣው የደም ሥሮች ጡንቻውን አቋርጠው በሚያልፉበት ደካማ ስፍራ ነው። በምዕራባውያን አገሮች ከ60 ዓመት በላይ ከሆኑ ሰዎች ግማሽ ያህሉ ከረጢቶቹ ይገኙባቸዋል፤ ሆኖም አብዛኞቹ ምንም ምልክት አያዩም። ምልክት በሚታይበት ጊዜ ግን ሕመሙ በሁለት የተለያዩ መልኮች ይገለጣል።

የመጀመሪያው የከረጢቱ መቆጣት፣ ማለትም ዳይቨርቲኩላይተስ ነው። ዋነኛ ምልክቱ በግራ ታችኛው የሆድ ክፍል የሚሰማ የማያቋርጥ ሕመም ሲሆን፣ ትኩሳት፣ ማቅለሽለሽ፣ የሆድ ድርቀት ወይም ተቅማጥ ሊያጅበው ይችላል። ሕመሙ በግራ የሚበረታው ከረጢቶቹ በብዛት የሚገኙት ሲግሞይድ በተባለው ጠባብና ከፍተኛ ግፊት ባለበት የአንጀት ክፍል ስለሆነ ነው። በምሥራቅ እስያ ግን ከረጢቶቹ በቀኝ በኩል ስለሚበዙ፣ ሕመሙ ከትርፍ አንጀት በሽታ ጋር ይምታታል። የተቆጣው አንጀት ፊኛን ሲነካ ሕመምተኛው ቶሎ ቶሎ ይሸናል፤ ከሽንት ጋር አየር መውጣቱ ደግሞ በአንጀትና በፊኛ መካከል ፊስቱላ መፈጠሩን ያመለክታል።

ሁለተኛው መልክ የደም መፍሰስ ነው። በከረጢቱ ጫፍ ላይ የተለጠጠው የደም ሥር ግድግዳው ሳስቶ ሲቀደድ፣ ብዙ ደም በድንገትና አብዛኛውን ጊዜ ያለ ሕመም በፊንጢጣ ይወጣል። ደሙ በአብዛኛው በራሱ ቢቆምም፣ ራስን መሳትና የደም ግፊት መውረድ አስቸኳይ ሕክምና የሚሹ ምልክቶች ናቸው። መቆጣትና መድማት በአንድ ጊዜ እምብዛም ስለማይከሰቱ፣ ሕመም የለም ብሎ አደጋውን ማቃለል አይገባም።

በአረጋውያንና ስቴሮይድ በሚወስዱ ሰዎች ላይ ትኩሳቱም ሕመሙም ሊደበዝዝ ይችላል። እንደ እንጨት የጠነከረ ሆድ ግን የአንጀት መበሳትን ስለሚያመለክት ጊዜ አይሰጥም። በተጨማሪም የትልቁ አንጀት ካንሰር ተመሳሳይ ምልክቶችን ያሳያል። በመሆኑም በአጣዳፊው ወቅት ምርመራው በሲቲ ስካን ይከናወናል፤ ኮሎኖስኮፒ በተቆጣ አንጀት ላይ የመበሳት ስጋት ስላለው፣ ካስፈለገ ከ6 እስከ 8 ሳምንታት ቆይቶ ይደረጋል። የከረጢቶች መገኘት ብቻውን ለምልክቱ በቂ ማብራሪያ ተደርጎ ከተወሰደ፣ ከጀርባው ያለው ካንሰር ሳይታወቅ ሊቆይ ይችላል።