ሕያው ማጣሪያ፦ የጓሮ ዓሣ ኩሬን በጥቂት ውኃ ለማቆየት

ከደሴ ወደ ወልድያ በሚወስደው አውራ ጎዳና የሚጓዝ ሰው ስለ ዓሣ የሚያስበው ሎጎ ሐይቅ አጠገብ ሲደርስ ነው። ውጫሌን አልፎ ውርጌሳ፣ ከዚያም መርሳ ሲገባ ዐይኑ የሚያርፈው በማሽላ ማሳና በአትክልት ጓሮ ላይ እንጂ በዓሣ ላይ አይደለም። ይሁን እንጂ ዓሣ ለማርባት የሐይቅ ዳር ነዋሪ መኾን ግድ አይደለም። ጥቂት ካሬ ሜትር የጓሮ ቦታ፣ ውኃ የማያሰርግ ኩሬና በትክክል የሚሠራ ማጣሪያ ያለው ቤተሰብ ቆሮሶን በደጁ ሊያረባ ይችላል።

እንደ ሐብሩ ባሉ ወረዳዎች ትልቁ ጥያቄ ውኃው ነው። ሰው፣ ከብትና መስኖ የሚሻሙበትን ውኃ በየቀኑ እየቀዱ ኩሬ ውስጥ ማፍሰስ፣ ቆሽሿል ብሎ ደግሞ መድፋት የሚያዛልቅ አይደለም። ያንኑ ውኃ ደጋግሞ ለመጠቀም የሚያስችለው ሥነ ሕይወታዊ ማጣሪያ የሚባለው ነው። በሁለት በርሜል፣ በጥቂት ቧንቧና በጠጠር በቤት ውስጥ ሊሠራ ይችላል። ብዙዎች የሚሳሳቱት ከተሠራ በኋላ ነው፤ እንደ ወንፊት ቆጥረው አጥበው ያጸዱታል፤ በማጽዳታቸውም ይገድሉታል።

ዓሣን የሚገድለው የማይታየው ነው

የኩሬ ውኃ ጥራቱን የሚያጣው በጭቃና በቅጠል ብቻ አይደለም። ዓሣ የበላውን ፕሮቲን ሲፈጭ አሞኒያ የሚባል ንጥረ ነገር ያመነጫል፤ አብዛኛውንም በስንጥቡ በኩል ወደ ውኃው ይለቅቀዋል። ውኃው ጥርት ብሎ እየታየ አሞኒያው ግን ዓሣውን ሊጨርሰው ይችላል።

ነገሩን በቁጥር እንመልከተው። 30 በመቶ ፕሮቲን ያለው 1 ኪሎ ግራም መኖ ከ25 እስከ 30 ግራም የሚደርስ ናይትሮጅን በአሞኒያ መልክ ወደ ውኃው ይጨምራል። 4 ሺህ ሊትር በሚይዝ ኩሬ ውስጥ እያንዳንዳቸው 100 ግራም የሚመዝኑ 50 ዓሦች አሉ እንበል። በቀን የክብደታቸውን 2 በመቶ፣ ማለትም 100 ግራም መኖ ቢመገቡ፣ በእያንዳንዱ ሊትር ውኃ ላይ በየቀኑ 0.7 ሚሊ ግራም ያህል ይጨመራል። አልጌ ከዚህ የተወሰነውን ይወስዳል፤ ነገር ግን በእርሱ ብቻ መተማመን አይቻልም። አልጌው ባይኖር፣ በየሁለት ቀኑ የኩሬውን ግማሽ ውኃ ቢቀይሩ እንኳ መጠኑ ከ1.4 ሚሊ ግራም በታች አይወርድም። ግማሹ ውኃ ማለት ደግሞ ባለ 20 ሊትር 100 ጀሪካን ነው።

የአሞኒያ መርዛማነት በውኃው ጠባይም ይወሰናል። በ25 ዲግሪ ሴልሺየስ ሙቀት የአሲድነት መለኪያው፣ ፒኤች የሚባለው፣ 7 ሲኾን መርዛማ መልክ ያለው አሞኒያ 1 በመቶ እንኳ አይሞላም። ፒኤች 8 ሲደርስ 5 በመቶ ያህል፣ 9 ሲደርስ ደግሞ ከአንድ ሦስተኛ በላይ ይኾናል። አረንጓዴ ውኃ ፀሐይ በበረታበት ከሰዓት በኋላ ፒኤቹ ስለሚጨምር፣ ጠዋት ደኅና የነበረ ዓሣ ከሰዓት ሊታመም የሚችለው በዚህ ምክንያት ነው።

ማጣሪያው ሕያው መኾኑ እንዴት ታወቀ?

እ.ኤ.አ. በ1877 ሽሎይዚንግ እና ሙንትዝ የተባሉ ሁለት ፈረንሳውያን ሳይንቲስቶች የፍሳሽ ውኃን በአሸዋና በኖራ ድንጋይ በተሞላ ረጅም ቱቦ ውስጥ በዝግታ አሳለፉ። ለ20 ቀናት ያህል ምንም ለውጥ አልታየም። ከዚያ በኋላ ግን አሞኒያው እየጠፋ፣ በምትኩ ናይትሬት እየወጣ መጣ። በቱቦው ውስጥ ክሎሮፎርም የተባለውን ማደንዘዣ ሲጨምሩ ሥራው ቆመ። ክሎሮፎርሙን አስወግደው አፈር የታጠበበት ውኃ ሲያክሉበት ደግሞ እንደገና ጀመረ። አሸዋው ራሱ ሳይኾን በአሸዋው ላይ የሰፈረ ሕይወት ይሠራ እንደነበረ ከዚህ ተረዱ። ከ10 ዓመት በላይ ቆይቶ ሩሲያዊው ሰርጌ ቪኖግራድስኪ እነዚህን ባክቴሪያዎች ለይቶ ማሳደግ ቻለ።

የጓሮው በርሜል የሚሠራው በዚሁ መንገድ ነው። አንደኛው የባክቴሪያ ወገን አሞኒያን ወደ ናይትራይት፣ ሁለተኛው ናይትራይትን ወደ ናይትሬት ይለውጣል። ናይትራይትም የዓሣን ደም ኦክስጂን እንዳይሸከም የሚያደርግ መርዝ ነው። ናይትሬት ግን ለዓሣ ጉዳቱ አነስተኛ፣ ለአትክልት ደግሞ ማዳበሪያ ነው። ባክቴሪያዎቹ የሚያስፈልጓቸው የሚጣበቁበት ገጽ፣ የማያቋርጥ ኦክስጂንና ጊዜ ናቸው።

የበርሜሎቹና የቧንቧው አሠራር

በመጀመሪያ እያንዳንዳቸው 200 ሊትር የሚይዙ ሁለት የፕላስቲክ በርሜሎች ይዘጋጃሉ። የምግብ ዘይት የነበረበት በርሜል በሚገባ ታጥቦ ያገለግላል፤ ፀረ ተባይ ወይም ሌላ ኬሚካል የነበረበት ግን ምንም ያህል ቢታጠብ አይታመንም።

የመጀመሪያው በርሜል ሥራ ዝቃጭን ማስቀረት ነው። ከኩሬው በሞተር የተሳበው ውኃ ከላይ ገብቶ የበርሜሉን ግድግዳ ተከትሎ በዝግታ እንዲዞር ቧንቧው ወደ ጎን ይታጠፋል። ውኃው ሲዞር ኩሱና የመኖ ትርፍራፊው ወደ መሐል ተሰብስቦ ከታች ይዘቅጣል። ቧንቧው ከበርሜሉ የውኃ ወለል በላይ መቅረት አለበት፤ ወደ ውስጥ ጠልቆ ከገባ መብራት ሲጠፋ በርሜሉ ያጠራቀመውን ውኃ ወደ ኩሬው መልሶ ይስበዋል።

ሁለተኛው በርሜል የባክቴሪያዎቹ ቤት ነው። ከመጀመሪያው በርሜል የላይኛው ክፍል የሚወጣው ቧንቧ ወርዶ በሁለተኛው በርሜል ታችኛው ክፍል ይገባል። ከወለሉ 15 ሳንቲ ሜትር ያህል ከፍ ብሎ የተበሳሳ ጠንካራ መደገፊያ ይደረግና በላዩ ጠጠር ይሞላል። ውኃው ከታች ወደ ላይ በጠጠሩ መካከል አልፎ፣ በላይኛው መውጫ ወደ ኩሬው ይወርዳል። ከበርሜሉ እስከ ኩሬው ባለው ከፍታ እየተረጨ ሲወድቅ ከአየር ኦክስጂን ይዞ ይገባል።

ከ1 እስከ 2 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው 100 ሊትር ጠጠር፣ የእያንዳንዱ ድንጋይ ገጽ ቢደመር ከ15 ካሬ ሜትር በላይ ነው፤ ከላይ ለተጠቀሰው ኩሬ በቂ ነው። ክብደቱ ግን 150 ኪሎ ግራም ያህል ስለኾነ በርሜሉ በድንጋይ በተደለደለ ጠንካራ መደብ ላይ መቀመጥ ይኖርበታል። የታጠበ የፕላስቲክ ጠርሙስ ክዳን ቀለል ያለ አማራጭ ነው። አሸዋ ግን ቶሎ ስለሚደፈን ለዚህ ሥራ አይመችም።

በቧንቧ ዝርጋታው ሦስት ነገሮች ይጠበቃሉ። አንደኛ፣ የመጀመሪያው በርሜል መውጫ ከሁለተኛው በርሜል መውጫ ቢያንስ 10 ሳንቲ ሜትር ከፍ ይበል፤ ውኃው ያለ ሞተር የሚፈሰው በዚህ ልዩነት ነው። ሁለተኛ፣ ሞተሩ የሚገፋበት ቧንቧ ከ25 እስከ 32 ሚሊ ሜትር ቢኾን ይበቃል፤ በራሱ ክብደት የሚወርደው ውኃ ግን ከ50 ሚሊ ሜትር ያላነሰ ሰፊ ቧንቧ ይፈልጋል፤ ካልኾነ በርሜሉ ሞልቶ ይፈስሳል። ሦስተኛ፣ በሁለቱም በርሜሎች ታች ዝቃጭ ማስወገጃ ቫልቭ ይገጠም። ቧንቧው በርሜሉን በሚበሳበት ቦታ ከውስጥና ከውጭ የላስቲክ ቀለበት ተደርጎ ቢጠብቅ አያፈስስም። የቧንቧ ማጣበቂያ ከተጠቀሙ አንድ ቀን ደርቆ በውኃ ከታጠበ በኋላ ብቻ ከኩሬው ጋር ይገናኝ።

ሞተሩ የኩሬውን ውኃ በሁለት ሰዓት አንድ ጊዜ ማዞር ከቻለ በቂ ነው፤ ለ4 ሺህ ሊትር ኩሬ በሰዓት 2 ሺህ ሊትር ማለት ነው። 50 ዋት የሚወስድ ሞተር ሌትና ቀን ቢሠራ የሚፈጀው 1.2 ኪሎ ዋት ሰዓት ነው። ሞተሩ ውኃው ከሚመለስበት ተቃራኒ ጥግ ይቀመጥ፤ ጫጩቶችን እንዳይስብም በወንፊት ይከለል። እጅን ወደ ኩሬው ከማስገባት በፊት ሞተሩን ከሶኬት መንቀል፣ መስመሩ ላይም ኤሌክትሪክ ሲያፈስ ወዲያው የሚያቋርጥ ማጥፊያ ማስገጠም የሕይወት ጉዳይ ነው።

ትዕግሥት የሚጠይቁት የመጀመሪያ ሳምንታት

አዲስ ማጣሪያ በተተከለበት ቀን ማጣሪያ አይደለም፤ ባዶ ጠጠር ነው። ባክቴሪያዎቹ በቂ እስኪኾኑ ውኃው ሞቃት ከኾነ ከ4 እስከ 6 ሳምንት፣ ቀዝቃዛ ከኾነ ከዚያም በላይ ይወስዳል። በዚህ ጊዜ ጥቂት ዓሣ ብቻ ማስገባትና መኖውን ከመደበኛው ሩብ አካባቢ ማድረግ ይገባል። መጀመሪያ አሞኒያ፣ ቀጥሎ ናይትራይት ከፍ ብሎ ይወርዳል። በናይትራይቱ ወቅት ለ1 ሺህ ሊትር ውኃ 160 ግራም ያህል የገበታ ጨው መጨመር፣ ናይትራይቱ በስንጥብ በኩል እንዳይገባ ስለሚከላከል ዓሣውን ይታደጋል።

ባክቴሪያዎቹ ሥራቸውን ሲሠሩ የውኃውን የኖራ ይዘት ይጨርሳሉ፤ ለ1 ግራም ናይትሮጅን 7 ግራም ያህል። የተቀጠቀጠ የኖራ ድንጋይ በመጀመሪያው በርሜል ማስቀመጥ ጉድለቱን ይሞላል።

ማጽዳት ሳይገድሉ

የመጀመሪያው በርሜል ቫልቭ በሳምንት አንድ ወይም ሁለት ጊዜ ተከፍቶ ዝቃጩ ይፍሰስ። የጠጠሩ በርሜል ግን የውኃው ፍሰት እስካልቀነሰ ድረስ አይነካም። ማጽዳት ሲያስፈልግ ጠጠሩ በግማሽ በግማሹ፣ በሁለት ሳምንት ልዩነት፣ ከኩሬው በተቀዳ ውኃ ለቅለቅ ይደረጋል። ሳሙና፣ በረኪና ወይም ክሎሪን ያለበት የቧንቧ ውኃ መጠቀም ፈረንሳውያኑ በክሎሮፎርም ያደረጉትን መድገም ነው። ጠጠሩ ላይ የሚታየው ቡናማና የሚያሟልጭ ሽፋን ቆሻሻ አይደለም፤ ማጣሪያው እርሱ ነው። ኩሬውን ለመሙላትም የቧንቧ ውኃ ከኾነ ለአንድ ወይም ለሁለት ቀን በክፍት ዕቃ ማቆየት ያስፈልጋል።

ናይትሬቱ እንዳይከማች በየሳምንቱ ከኩሬው 400 ሊትር ያህል ማውጣት ይመከራል። 20 ጀሪካን ነው፤ እርሱም ከዝቃጩ ጋር ለጎመን፣ ለቲማቲም ወይም ለፍራፍሬ ተክል የሚጠጣ እንጂ የሚባክን አይደለም። ጨው የተጨመረበት ሰሞን ብቻ ለተክል መጠቀሙ ይቆይ። ይህ ማጣሪያ በሽታ አምጪ ተሕዋስያንን እንደማያስወግድም መታወቅ አለበት፤ ውኃው ለመጠጥ አይኾንም።

መብራት ሲጠፋ

ፍሰቱ ሲቆም ባክቴሪያዎቹ በበርሜሉ ያለውን ኦክስጂን በጥቂት ሰዓታት ይጨርሳሉ፤ ከዚያ መሞትና መሽተት ይጀምራሉ። መብራቱ ብዙ ሰዓት የሚቆይ ከመሰለ የጠጠሩን በርሜል ውኃ በታችኛው ቫልቭ ማፍሰስ ይበጃል፤ እርጥብ ጠጠር ላይ አየር እያገኙ መቆየት ከቆመ ውኃ ይሻላቸዋል። ሳይፈስ ከቆየ፣ መብራት ሲመጣ የመጀመሪያው ውኃ ወደ ጓሮው ተደፍቶ ነው ዝውውሩ የሚጀመረው። ማጣሪያው እስኪያገግም መኖ መስጠት ይቆማል፤ ያልበላ ዓሣ የሚያመነጨው አሞኒያ አነስተኛ ነው፤ ለጥቂት ቀናት ጾም አይሞትም።

ዓሦች ማለዳ ከውኃው ወለል ላይ አፋቸውን ከፍተው ከታዩ፣ መኖ እንቢ ካሉ፣ ወይም ውኃ በሚወርድበት ቦታ ከተሰበሰቡ ምልክቱ ግልጽ ነው። መኖ ይቁም፤ የውኃው ሢሶ ይቀየር፤ ሞተሩና ፍሰቱ ይፈተሽ።

በ1990ዎቹ አጋማሽ በክልሉ በዘመቻ ከተቆፈሩት የቤተሰብ ኩሬዎች ብዙዎቹ በስርገትና በትነት ውኃቸውን አጥተዋል። ሽፋን የሌለው ኩሬ ለወባ ትንኝም ለሕፃናትም አደጋ ነው። የጓሮ ዓሣ ኩሬም አጥርና ጥላ ያስፈልገዋል፤ ቆሮሶው እጭ ሲለቅም፣ የሚንቀሳቀሰው ውኃም ትንኟን ሲያርቅ አደጋው ይቀንሳል። ስለ ጫጩትና ዝርያ የባሕር ዳር ዓሣና ሌሎች የውኃ ውስጥ ሕይወት ምርምር ማዕከልን፣ ስለ ቦታው ደግሞ የወረዳውን የግብርና ባለሙያ ማማከር ይገባል።

ከብት የሚያረባ ሰው ጋጣውን ይጠርጋል እንጂ ከብቱን አይጠርግም። የበርሜሉን ጠጠርም እንዲሁ መያዝ ነው፦ ዝቃጩን ማስወገድ፣ አየሩን አለማቋረጥ፣ በውስጡ የሚኖረውን ግን መተው።