ላም በግድግዳው ላይ፤ የኦዋቶና ገበሬዎች ባንክ

ከሚኒያፖሊስ ወደ ደቡብ የአንድ ሰዓት መንገድ ያህል ሲነዳ ኦዋቶና የምትባል ትንሽ የሚኒሶታ ከተማ ትገኛለች። በዚያ ግዛት የሚኖሩ ብዙ ወገኖቻችን መኪና አስነስተው ሄደው ቢያዩት የማይቆጩበት ሕንፃ መሐል ከተማዋ ላይ ቆሟል፤ ናሽናል ፋርመርስ ባንክ።

ባንኩ በተሠራበት ዘመን ብዙ የአሜሪካ ባንኮች የግሪክና የሮማን ቤተ መቅደስ ይመስሉ ነበር፤ ነጭ ዓምድ፣ ከባድ በር። የባንኩ ምክትል ፕሬዚዳንት ካርል ቤኔት ግን ይህን አልፈለጉም። እ.ኤ.አ. በ1906 መጽሔት ላይ ባነበቡት ጽሑፍ ተማርከው ጸሐፊውን ሉዊስ ሱሊቫንን ጠሩት። ሱሊቫን በቺካጎ ሰማይ ጠቀስ ፎቆች ስም ያተረፈ አርክቴክት ቢሆንም፣ በዚያ ወቅት ሥራ ርቆት ነበር።

ሕንፃው በ1908 ተጠናቀቀ። ከውጭ ሲያዩት እንደ ሣጥን ድፍን ያለ ነው፤ መሠረቱ ቀላ ያለ ድንጋይ፣ ግድግዳው ቀይ ጡብ። ጠጋ ሲሉ ግን ጡቡ አንድ ዓይነት ቀይ አለመሆኑ ይታያል፤ ጠቆር ያለው ከደመቀው ጋር ተሰባጥሯል። በመንገድ በኩል ባሉት ሁለት ጎኖች፣ 11 ሜትር ገደማ የሚሰፋ አንድ አንድ ግዙፍ ቅስት ተከፍቶ በባለቀለም መስታወት ተሞልቷል። በማዕዘኖቹ ላይ ቅጠልና ሐረግ የተጠላለፈበት አረንጓዴ የሸክላ ጌጥ አለ።

ውስጡ ደግሞ የቀለም ዓለም ነው። ብርሃኑ በመስታወቱ ተጣርቶ አረንጓዴና ወርቃማ ሆኖ ይገባል። እያንዳንዳቸው ከሁለት ቶን በላይ የሚመዝኑ አራት የብረት መብራቶች ተንጠልጥለዋል። የነደፋቸው የሱሊቫን ረዳት ጆርጅ ኤልምስሊ ነው፤ ከሕንፃው ጌጥ አብዛኛው የእሱ እጅ ሥራ ስለሆነ፣ ስሙ ከአለቃው ኋላ መቅረቱ ፍትሐዊ አይመስለኝም።

ከቅስቶቹ ሥር ኦስካር ግሮስ የሣላቸው ሥዕሎች አሉ፤ በአንዱ ላሞች መስክ ላይ ይታያሉ፣ በሌላው አዝመራ ይሰበሰባል። ብድር ሊጠይቅ የገባ ገበሬ ቀና ሲል የሚያየው የራሱን ኑሮ ነበር። ለገበሬዎች መገናኛ የሚሆን ክፍልም ተሠርቶላቸው ነበር። ለእኔ የሕንፃው ታላቅነት ያለው እዚህ ላይ ነው፤ ባንኩ ባለጉዳዩን አክብሮ ተቀበለው።

ክብሩ ግን ለሠሪዎቹ ብዙ አልቆየም። ሱሊቫን በ1924 ቺካጎ ውስጥ በድህነት ሞተ፤ ባንኩም በ1926 ከሰረ። በ1940 በእድሳት ስም የገንዘብ ከፋዮቹ መስኮቶች ከነጌጣቸው ፈረሱ። በ1950ዎቹ መጨረሻ አርክቴክት ሃርዌል ሃሚልተን ሃሪስ ሕንፃውን በጥንቃቄ አደሰው።