ስለ ኤርጎትና በብርሃን ስለሚደረገው የእህል ምርመራ

ከላስታ ደጋ በስተ ደቡብ ባለው በዋድላ ደላንታ አገር በ1970 ዓመተ ምሕረት ከመቶ የሚበልጡ ሰዎች በእህል መርዝ ታመሙ፤ ከሦስት እጅ አንዱ እጅ ያህል ሞቱ። የእግር ጣት ደርቆ እንደ ከሰል ጠቍሮ እስከ መውደቅ ደረሰ፤ የሚያጠቡ እናቶችም ወተት ነጠፈባቸው። ምክንያቱ ከገብሱ ጋራ የበቀለው ሲናር ኤርጎት የሚባለውን የሻጋታ ወገን ይዞ መገኘቱ ነው። ይኸውም በፍሬው ስፍራ ገብቶ ጥቁር፣ እንደ ዶሮ ጥፍር የቈለመመ እንክብል ያበቅላል፤ መርዙም የደም ሥርን ያጠብባል።

ጥቁሩ እንክብል በሰፌድ ላይ ሳለ ለዐይን ይታያል። ከተፈጨ በኋላ ግን ዱቄቱን አይታ የምታውቅ ባልቴት የለችም፤ ስለዚህ ነገሩ ወደ መመርመሪያ ቤት ይደርሳል። ከመርዙ ወገን ብዙው አልትራቫዮሌት የሚባለው የማይታይ ጨረር ሲያርፍበት፣ ምንም ቀለም ሳይጨመርበት፣ በራሱ ሰማያዊ ብርሃን ይሰጣል። ነገር ግን የእህሉ ገለባም በዚያው ጨረር ሰማያዊ ያበራል። መብራቱን ቢያበረቱት ሁለቱ አብረው ይደምቃሉ እንጂ መርዙ አይለይም። ስለዚህ መርማሪዎቹ መርዙን አስቀድመው በፈሳሽ ከዱቄቱ አውጥተው፣ ለብቻው ለይተው ወደ ጨረሩ ያቀርቡታል። የብልሃቱ ሥር እንግዲህ ሌላውን ብርሃን መቀነስ ነው።

በማጕያ መነጽርም ሥራ እንዲሁ ነው። በጀርመን አገር በኤርላንገን ከተማ ሊቃውንት በአውሮፓ አቈጣጠር በ2014 አንዲቱን የፕሮቲን ቅንጣት ቀለም ሳይቀቡ ለማየት ችለዋል። የቅንጣት ስፋት በዐሥር እጅ ቢያንስ የምትበትነው ብርሃን በሚሊዮን እጅ ያንሳል፤ ያን ብርሃን ከመስተዋቱ ከሚመለሰው ብርሃን ጋራ ቢያገናኙት ግን ምልክቱ የሚያንሰው በሺህ እጅ ብቻ ነው። ከዚያ የማይለወጠውን ሥዕል ይቀንሱለታል፤ መቶ ሥዕልም ቢደራረብ የዘፈቀደው ብዥታ በዐሥር እጅ ያንሳል። ሆኖም የኤርጎት መርዝ ከፕሮቲን እጅግ ያነሰ ስለ ሆነ በዚህ መሣሪያ ይያዛል ብሎ ማንም ተስፋ አያድርግ።

ለአውራጃ ሹም የሚቀርበው በቤልጅግ አገር በዣምብሉ ከተማ የተሞከረው መንገድ ነው። በዚያ እህሉ ሳይፈጭ በኢንፍራሬድ ካሜራ ፊት ያልፋል፤ ቅባት የበዛበት እንክብልና ገብሱ ጨረሩን የሚመልሱት በተለያየ መልክ ስለ ሆነ ይለያያሉ።

መሣሪያው ግን ወደ ናሙናው ያልገባውን አያይም። ኤርጎት በእህሉ ውስጥ እኩል አይበተንም፤ በአንዱ ጎታ ሞልቶ በጎረቤቱ ላይገኝ ይችላል። ሹሙ አንድ እፍኝ ከላይ አስዘግኖ ቢልክ ሕዝቡን በከንቱ ያጽናናል። ከብዙ ጎታ፣ ከላይ ከመካከልና ከታች አስወስዶ፣ አደባልቆ፣ ሳያስፈጭ ይላክ። መልስ እስኪመጣም የተጠረጠረው እህል በአራት ሊትር ውሃ አንድ ኪሎ ጨው በተበጠበጠበት ይነከር፤ እንክብሉ ይንሳፈፋል። የተንሳፈፈው ሁሉ ይቀበር፣ ለከብትም አይሰጥ፤ የሰጠመው በንጹሕ ውሃ ታጥቦ ፀሐይ ላይ ሲሰጣ የቀረው ጥቁር በእጅ ይለቀም።