ያልተመጣጠነ እርጅና፦ የኦኤልኢዲ ቴሌቪዥን ስክሪን ለምን «ይቃጠላል»?

«ስክሪኑ ተቃጠለ» የሚለው አነጋገር ከካቶድ ጨረር ቱቦ ዘመን የተወረሰ ሲሆን፣ በኦኤልኢዲ ቴሌቪዥን ላይ የሚደርሰውን ጉዳት በትክክል አይገልጸውም። የሚቃጠል ነገር የለም፤ ያለው ያልተመጣጠነ እርጅና ነው። የኤልሲዲ ስክሪን ፒክስሎች በጋራ የጀርባ ብርሃን ሲገለገሉ፣ በኦኤልኢዲ ግን እያንዳንዱ ፒክስል ብርሃኑን ራሱ ያመነጫል። ጥልቅ የሆነው ጥቁር ቀለም የሚገኘው ፒክስሉ ጨርሶ ስለሚጠፋ ነው። ይኸው ብልጫ ዕዳ አለበት፤ ብዙ የሠራ ፒክስል ከጎረቤቱ ቀድሞ ይደክማል።

ታንግ እና ቫን ስላይክ የተባሉት የኮዳክ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1987 በዝቅተኛ ቮልቴጅ የሚሠራውን ኦርጋኒክ ብርሃን ሰጪ ዳዮድ ካስተዋወቁ ወዲህ፣ የዕድሜ ጥያቄ ከመስኩ ተለይቶ አያውቅም። በኤሌክትሪክ የተነቃቃ ሞለኪውል ጉልበቱን በብርሃን መልክ ይለቃል። አንዳንዴ ግን ሁለት የተነቃቁ ሞለኪውሎች ይገናኙና የአንዱ ጉልበት በሌላው ላይ ይደረባል፤ ድምሩም የኬሚካል ትስስርን ለመበጠስ ይበቃል። የተበጠሰው ሞለኪውል ብርሃን መስጠቱን ከማቆሙም በላይ የአካባቢውን ጉልበት ያባክናል። በዚህ ረገድ ደካማው ሰማያዊው ነው። የቀይ ፎቶን ጉልበት 2 ኤሌክትሮን ቮልት ገደማ ሲሆን የሰማያዊው 2.7 ያህል ስለሚደርስ፣ ድርቡ ጉልበት ይበልጥ አጥፊ ይሆናል።

እርጅናው ከብርሃን መጠን ጋር በቀጥታ ተመጣጣኝ አይደለም። ዕድሜ ከብርሃን ድምቀት ጋር በተገላቢጦሽ የሚዛመድ ሲሆን፣ የዝምድናው ርቢ ብዙውን ጊዜ በ1 እና በ2 መካከል ይገኛል። ርቢው 1.7 ቢሆን፣ ድምቀቱን በግማሽ መቀነስ ዕድሜውን ከ3 እጥፍ በላይ ያራዝማል። በተለምዶ የሚጠቀሰው «ድምቀቱ በግማሽ እስኪቀንስ» የሚለው የዕድሜ መለኪያ ግን ለዚህ ጉዳይ እምብዛም አይጠቅምም። ስክሪኑ በሙሉ እኩል ቢደበዝዝ ተመልካች ላያስተውለው ይችላል፤ ጥርት ባለ ጠርዝ የተለያዩ ሁለት ስፍራዎች በጥቂት መቶኛ ሲበላለጡ ግን ዓይን ወዲያው ይለየዋል። የጣቢያ ዓርማ ደግሞ ጠርዙ ጥርት ያለ፣ ቀለሙ ደማቅ፣ ቦታው የማይለወጥ ነው።

አርቲንግስ የተሰኘው የካናዳ የምርት ፈታሽ እ.ኤ.አ. በ2018 መጀመሪያ ላይ የጀመረው ሙከራ ይህንኑ ያሳያል። ስድስት አንድ ዓይነት ቴሌቪዥኖች በቀን 20 ሰዓት የተለያዩ ዝግጅቶችን እንዲያሳዩ ተደረገ። ፈጥኖ የተጎዳው በከፍተኛ ድምቀት የዜና ጣቢያ ያሳይ የነበረው ነው፤ ደማቅና የማይንቀሳቀስ ምስል ያልበዛበትን የቪዲዮ ጨዋታ ያሳይ በነበረው ላይ ግን ጉልህ ምልክት አልታየም። በቀን 20 ሰዓት ለመኖሪያ ቤት የተጋነነ ነው፤ ለሆቴል መቀበያና ከጠዋት እስከ ማታ አንድ ጣቢያ ለሚከፍት ካፌ ግን ብዙም የራቀ አይደለም። በደቂቃዎች ውስጥ የሚጠፋ የምስል ቅሪት ከዚህ የተለየ ጊዜያዊ ክስተት ስለሆነ አያሳስብም።

አምራቾች ጉዳቱን በማካካሻ ይከላከላሉ። ብዙ ሞዴሎች በድምሩ አራት ሰዓት ያህል ከታዩ በኋላ ሲጠፉ፣ የፒክስሎቹን ኤሌክትሪካዊ ጠባይ ለክተው ለደከሙት የሚሰጠውን ኃይል ያስተካክላሉ። መድኃኒቱ ወሰን አለው፦ ለደከመው ፒክስል ኃይል መጨመር እርጅናውን ያፋጥነዋል፣ የሚጨመረውም ኃይል ጣሪያ አለው። ሂደቱ የሚከናወነው ቴሌቪዥኑ በሪሞት ጠፍቶ ሶኬቱ ላይ እንደተሰካ ሲቆይ ነው። መብራት በሚቆራረጥበትና ቮልቴጅ በሚዋዥቅበት ስፍራ፣ እንደ ኢትዮጵያ ባሉ አገሮች፣ ከዕይታ በኋላ ሶኬት መንቀል አስተዋይነት ነው፤ ለኦኤልኢዲ ግን ማካካሻውን ያስቀርበታል። በስታቢላይዘር በኩል ተሰክቶ ቢያንስ ሂደቱ እስኪያልቅ ቢቆይ ሁለቱም ስጋቶች ይቀንሳሉ።