ናይኪ ዙም ኮቢ 4

ናይኪ ዙም ኮቢ 4 የአሜሪካው የስፖርት ዕቃ አምራች ናይኪ ለሎስ አንጀለስ ሌከርስ ተጫዋች ለኮቢ ብራያንት በስሙ የሠራው የቅርጫት ኳስ ጫማ ነው። እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2008 ይፋ ሆነ። ጫማው በይበልጥ የሚታወቀው ቁርጭምጭሚትን በማይሸፍነው አጭር አንገቱ ነው።

አመጣጥ

ረጅም አንገት ያለው ጫማ ከወለምታ ይጠብቃል ተብሎ ስለሚታመን፣ አብዛኞቹ የቅርጫት ኳስ ጫማዎች ቁርጭምጭሚትን የሚሸፍኑ ነበሩ። አጭር ጫማም ቀድሞ ነበር፤ በ1970ዎቹ ዋልት ፍሬዚየር በስሙ የተሠራውን ፑማ ክላይድ ያደርግ ነበር። ብራያንት የልጅነቱን ከፊል ዘመን በጣሊያን ስላሳለፈ እግር ኳስን በቅርብ ያውቅ ነበር። የእግር ኳስ ተጫዋቾች በአጭር ጫማ እየሮጡ በድንገት አቅጣጫ እንደሚቀይሩ በማስተዋል፣ ንድፍ አውጪውን ኤሪክ አቫርን አጭር ጫማ እንዲሠራለት ጠየቀው።

አሠራር

የአንገቱ ማጠር ክብደትን ይቀንሳል፤ ቁርጭምጭሚትም እንደልብ ይንቀሳቀሳል። አንዱ ጫማ 350 ግራም አይሞላም። በላይኛው ክፍል ፍላይዋየር የሚባሉ ቀጫጭን ጠንካራ ክሮች ተዘርግተዋል፤ እንደ ተንጠልጣይ ድልድይ ገመዶች እግርን ከሶሉ ጋር አጥብቀው ይይዛሉ። ከተረከዙ ውጭ ያለው ጠንካራ ፕላስቲክ ደግሞ ተረከዝ ወደ ጎን እንዳይንሸራተት ያደርጋል። ከፊት እግር ሥር ቀላል ስፖንጅ፣ ከተረከዝ ሥር ደግሞ አየር የታመቀበት ትራስ አለ።

በጨዋታ ሜዳ

ብራያንት በዚህ ጫማ እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 2 ቀን 2009 በኒውዮርክ ማዲሰን ስኩዌር ጋርደን 61 ነጥብ አስቆጠረ። በዚያው ዓመት ሌከርስ ኦርላንዶ ማጂክን 4 ለ 1 አሸንፎ ዋንጫ ሲወስድ፣ እሱ የፍጻሜው ኮከብ ተጫዋች ተባለ።

የደህንነት ጥያቄ

አጭር ጫማ ለወለምታ ያጋልጣል የሚለው ስጋት እስከ ዛሬ ይነሳል። ይሁን እንጂ ጫማው ከመሠራቱ ቀደም ብሎ፣ እ.ኤ.አ. በ1993 በ622 የኮሌጅ ተጫዋቾች ላይ የተደረገ ጥናት ታትሞ ነበር። ጥናቱ በጫማው አንገት ርዝመትና በወለምታ መካከል ጠንካራ ግንኙነት አላገኘም። ወለምታ በአብዛኛው የሚደርሰው እግር ወደ ውስጥ ሲጠማዘዝ ነው፤ ስለዚህ የሶሉ ስፋትና የተረከዙ አያያዝም ትኩረት ይሻሉ።

ከኮቢ 4 በኋላ አጭር ጫማ በቅርጫት ኳስ ሜዳ የተለመደ ሆኗል። ናይኪ ጫማውን እ.ኤ.አ. በ2019 አሻሽሎ እንደገና አውጥቶታል።