ሴተር ማጥፋት ዓምድን አያስጠብቅም

ተረት፦ ሴተር የሌለው ፊልድ ወደ ዳታቤዝ አይጻፍም።

እውነታ፦ በጃቫው ሀይበርኔት አኖቴሽኖቹ ፊልዱ ላይ ከተቀመጡ ሥርዓቱ ፊልዱን በቀጥታ ያነባል፣ በቀጥታም ይጽፋል፤ ሴተር ኖረ አልኖረ ጉዳዩ አይደለም። ጉዳቱ ደግሞ ብዙዎች ከሚገምቱት ይከፋል። ሀይበርኔት አንድን መዝገብ ሲያድስ፣ ሌላ ካልታዘዘ በቀር፣ የተቀየረውን ዓምድ ብቻ ለይቶ አይልክም። እንዲጻፉ የተፈቀዱትን ዓምዶች ሁሉ በአፕዴት ትእዛዙ ውስጥ ያስገባል። የደንበኛ ቀሪ ሂሳብ በዳታቤዙ ትሪገር የሚሰላ ነው እንበል። ፕሮግራሙ መዝገቡን ሲያነብ ቀሪው 500 ብር ነበር፤ ወዲያው ሌላ ገቢ ተመዘገበና ትሪገሩ 700 አደረገው። ፕሮግራሙ የስልክ ቁጥር ብቻ ቀይሮ ሲያስቀምጥ፣ የመዝገቡ ሥሪት እንዳልተቀየረ የሚያረጋግጥ ቁጥጥር ከሌለ፣ አሮጌውን 500 መልሶ ይጽፈዋል። ቀሪ ሂሳቡን የነካ አንድም የኮድ መስመር የለም፤ 200 ብር ግን ከመዝገብ ጠፍቷል።

መፍትሔው አጭር ነው፤ በዓምዱ አኖቴሽን ላይ «ኢንሰርተብል» እና «አፕዴተብል» የሚሉትን ሁለቱንም «ፎልስ» ማድረግ። «አፕዴተብል» ብቻውን የመጀመሪያውን ምዝገባ አይከለክልም።

ተረት፦ ከዚህ በኋላ ዓምዱን ሊቀይር የሞከረ ኮድ ስህተት ያስነሣል።

እውነታ፦ አያስነሣም። ሀይበርኔት ለውጡን ዝም ብሎ ይተወዋል፤ ኦብጀክቱ ግን ከዳታቤዙ እንደገና እስኪነበብ የተሳሳተውን ዋጋ ይዞ ይቆያል። ተጠቃሚው በስክሪን ያየው ቁጥር የትም አልተመዘገበም ማለት ነው። ሴተሩን ማጥፋት የሚጠቅመው እዚህ ላይ ነው። ዳታቤዙ ያሰላው ዋጋ ወዲያው እንዲመጣ ከተፈለገ ደግሞ «ጄኔሬትድ» የሚለው አኖቴሽን ይጨመራል።

የፓይተኑ ጃንጎ ተጠቃሚዎችም ይጠንቀቁ። «ኤዲተብል» ፎልስ ሲሆን ዓምዱ ከፎርምና ከአድሚን ገጽ ይሰወራል እንጂ «ሴቭ» በተባለ ቁጥር መጻፉ አይቀርም።

ተረት፦ አሁን ዓምዱ ተቆልፏል።

እውነታ፦ የተገታው ሀይበርኔት ራሱ የሚያዘጋጀው ትእዛዝ ብቻ ነው። በእጅ የተጻፈ ኤስኪውኤልም ሆነ ሌላ ፕሮግራም እንዳሻው ይጽፋል። እውነተኛው ቁልፍ ያለው ዳታቤዙ ዘንድ ነው። ዋጋው ከዚያው መዝገብ ሌሎች ዓምዶች የሚሰላ ከሆነ ፖስትግሬስ እ.ኤ.አ. በ2019 ከወጣው ሥሪት 12 ጀምሮ ራሱ የሚያሰላው ዓምድ አለው፤ በእጅ ሊጽፍበት የሞከረውንም በስህተት መልእክት ይመልሰዋል። ለሌላው የአፕዴት ፈቃድን በዓምድ ለይቶ መስጠት ይቻላል። ፈቃዱ ለቴብሉ በሙሉ ተሰጥቶ ከሆነ ግን ከአንድ ዓምድ ላይ መንሣት ብቻውን ምንም አይለውጥም። ስለዚህ መጀመሪያ የቴብሉን ፈቃድ ያንሡ፤ ከዚያ የሚጻፉትን ዓምዶች በስም እየጠሩ ይፍቀዱ።