ከጣቢያው በር የተለቀመ መልስ፦ ስለ ዳሰሳ ጥናትና ስለ አቋም ጽሑፍ ተረቱና እውነታው

አብነት ምሳሌ፣ አርአያ ማለት ሲሆን፣ የቤተ ክርስቲያን ደቀ መዝሙር ፊደል ከመቍጠር አንሥቶ እስከ መጻሕፍት ትርጓሜ የሚዘልቅበትን ትምህርት ቤት በዚሁ ስም መጥራታችን የታወቀ ነው፤ እኔ ግን ዛሬ የማነሣው በአዲስ አበባ ልደታ ክፍለ ከተማ ያለውን ሰፈር፣ ይልቁንም የሰሜን ደቡቡ ቀላል ባቡር በመስከረም 2008 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር ከሰባተኛና ከዳርማር መካከል የተከፈተውን ጣቢያ ነው። በዚያ ጣቢያ በር ላይ የእኅቴ ልጅ የመመረቂያ ጥናቱን መጠይቅ ታቅፎ ብዙ ጠዋት ከቆመ በኋላ ወደ ቤቴ መጥቶ፣ “ጋሼ፣ የአብነት ነዋሪ አብዛኛው ወደ ሥራው የሚሄደው በባቡር ነው፤ 384 ሰው ጠይቄ አረጋግጫለሁ” ቢለኝ፣ ሳቄን ለመደበቅ ወደ ቡናዬ ጎንበስ አልሁ። ባቡር ጣቢያ በር ላይ የቆመ ሰው የባቡር ተሳፋሪ ቢያገኝ ምን ይደንቃል! በዚያው ሰዓት ታክሲ ለመያዝ የተሰለፈው፣ ወደ መርካቶ በእግሩ ያቀናው፣ ከሱቁ ጓዳ የሚያድረው ነጋዴ፣ ከደጃፏ የማትርቀው አሮጊት፣ ሁሉም ከመጠይቁ ውጭ ቀርተዋል።

በተማሪዎቻችን ዘንድ እንደ ቃለ ሃይማኖት ከሚታመኑት ተረቶች የመጀመሪያው ይህ ነው፤ ብዙ ሰው ከተጠየቀ እውነቱ ይገኛል ይላሉ። በፈረንጆች 1936 ሊተራሪ ዳይጀስት የተባለው የአሜሪካ መጽሔት 10 ሚሊዮን ለሚሆን ሰው የመጠይቅ ወረቀት ልኮ፣ ከ2 ሚሊዮን የሚበልጥ መልስ ከሰበሰበ በኋላ ተወዳዳሪው ላንደን ሩዝቬልትን አሸንፎ ፕሬዚዳንት እንደሚሆን ተነበየ፤ ምርጫው ሲደረግ ግን ሩዝቬልት ከ48ቱ ግዛቶች 46ቱን ጠቀለለ። መጽሔቱ ስሞቹን የለቀመው ከስልክ ማውጫና ከመኪና ባለቤቶች መዝገብ ስለ ነበረ፣ በዚያ የችግር ዘመን ስልክም መኪናም ያልነበረው ድኻ ድምፁ አልተሰማም፤ ወረቀቱ ከደረሳቸውም መካከል መልሰው የላኩት ጥቂቱ ብቻ ነበሩ። ስሕተቱ ከቍጥሩ ሳይሆን ከአመራረጡ ነበር።

ስለ 384 ስንኳ አንድ ነገር ልበል፤ ቍጥሩ በየኮምፒውተር ቤቱ ከጥናት ወደ ጥናት እየተገለበጠ እንደ ክታብ የሚከበር ሆኗልና። ይህ ቍጥር የሚገኘው በስሌት ሲሆን፣ የስሕተቱ ጠርዝ ወደ ላይም ወደ ታችም 5 በመቶ፣ የመተማመኛው ልክ ደግሞ 95 በመቶ እንዲሆን ሲፈለግ ነው፤ ነገር ግን ስሌቱ ሁሉ መላሾቹ በዕጣ መመረጣቸውን ቅድመ ሁኔታ አድርጎ የቆመ ስለሆነ፣ ዕጣው ከቀረ ቍጥሩ ባዶ ጌጥ ነው። ተማሪው ደግሞ ሕዝቡ በበዛ መጠን ናሙናውም በዚያው ልክ መብዛት ያለበት ይመስለዋል፤ የናሙና መጠን የሚሰላበትን የያማኔን ቀመር ግን በዚያው 5 በመቶ ጠርዝ አስልቶ የተመለከተ ሰው፣ ለ1,000 ነዋሪ 286፣ ለ10,000 ነዋሪ 385፣ ለአንድ ሚሊዮን ነዋሪ ደግሞ 400 ሰው እንደሚበቃ ያያል።

በአገራችን የዚህን ሥራ ወግ ማየት የሚሻ፣ በ2008 ዓ.ም. የተካሄደውን የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳ ጥናት ሪፖርት ይግለጥ። ጥናቱ በ1999 ዓ.ም. ለሕዝብና ቤት ቆጠራ አገሪቱ ከተከፈለችባቸው 84,915 የቆጠራ ቦታዎች 645ቱን በዕጣ መርጦ፣ በእነዚያም ቤቶቹን አንድ በአንድ ከመዘገበ በኋላ፣ ከተመዘገቡት ደግሞ በዕጣ እየለየ 16,650 ቤተሰብ ጠይቋል። እኔን ይበልጥ የሚማርከኝ፣ ሊጠየቁ ከሚገባቸው ሴቶች 95 በመቶው፣ ከወንዶቹ ግን 86 በመቶው ብቻ መመለሳቸውን ሪፖርቱ ራሱ በግልጥ መጻፉ ነው። ተማሪዎቻችን ግን ያልመለሰውን ሰው፣ የጠፋውን ወረቀት፣ ያልተሳካውን ቀን እንደ ነውር ይሸሽጉታል፤ አንባቢው በቀረው ቍጥር ላይ ምን ያህል መተማመን እንዳለበት የሚነግረው ያ የተሸሸገው ሆኖ ሳለ።

ይሉኝታችንም ሌላ ምዕራፍ ነው። አንድን የሰፈር አዛውንት “በባቡሩ አገልግሎት ምን ያህል ይረካሉ?” ብሎ የሚጠይቅ ልጅ፣ እንግዳውን ላለማሳፈር ሲባል “ደኅና ነው፣ እግዚአብሔር ይመስገን” ከሚል መልስ በቀር ምን ያገኛል? “ባለፈው ሳምንት ስንት ቀን ተሳፈሩ? ጣቢያ ላይ ስንት ደቂቃ ጠበቁ?” ቢላቸው ግን አዛውንቱ ጣታቸውን እያጠፉ ቈጥረው ይነግሩት ነበር።

የእኅቴ ልጅ ከዚህ ሌላ የአቋም ጽሑፍ እንዲጽፍ ታዞ፣ የባቡሩ ታሪፍ መጨመር የለበትም የሚል አራት ገጽ ይዞ መጥቶ ነበር፤ ባነብበው ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አንድም ተቃዋሚ የለበትም። “የባላጋራን ቃል ከጠቀስህ አቋምህ ይላላል” ብለው የመከሩት ጓደኞቹ ኖረዋል። ይህን ሰምቼ ያዘንሁት ስለ ልጁ ብቻ አይደለም፤ የአንድምታው መምህር በወንበሩ ተቀምጦ ንባቡን ካስነበበ በኋላ፣ “ይህስ ስለ ምን ነው ቢሉ” እያለ የሚጠራጠረውን ሰው ጥያቄ በራሱ አንደበት አንሥቶ ሲመልስ፣ “አንድም” እያለም ሌላውን ፍቺ ከራሱ ፍቺ አጠገብ ሲያኖር የኖረበት አገር ልጆች ነንና። እርግጥ ነው፣ አንድምታ ብዙውን ጊዜ ሁሉንም ፍቺ አስቀምጦ ያልፋል፤ የአቋም ጽሑፍ ግን በመጨረሻ ሊፈርድ ግድ ይለዋል፤ የሚፈርደው ግን ሁለቱንም ወገን ካሰማ በኋላ ነው።

አቋም በቍጣ ይጸናል የሚለውም ሌላ ተረት ነው፤ ነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ “መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር” በሚለው፣ እርሳቸው ካረፉ በኋላ በ1916 ዓ.ም. በታተመው መጽሐፋቸው፣ የሕዝብ ሀብት ምንጩ ሥራና ዕውቀት መሆኑን ሲያስረዱ አንባቢውን በቍጣ ሊያነሣሡት አልፈለጉም፤ ዕውቀት ያለውና የሌለው ሕዝብ ሲገበያዩ ማን እንደሚጎዳ በምሳሌ እያሰሉ ያሳዩታል እንጂ። በ1962 ዓ.ም. ተማሪው ዋለልኝ መኮንን ስለ ብሔረሰቦች ጥያቄ የጻፈው ጽሑፍ ደግሞ ጥቂት ገጽ ብቻ ሆኖ ሳለ፣ ወዳጁም ነቃፊውም እስከ ዛሬ ስለሚከራከርበት፣ ጽሑፍ በገጽ ብዛት ይከብራል የሚለውን ተረት ለመመለስ እርሱ ብቻ ይበቃል።

ልጁ የአቋም ጽሑፉን እንደ ገና ጻፈው፤ የታሪፉን መጨመር የሚደግፈው ወገን ስለ ጥገናና ስለ መለዋወጫ ዕቃ የሚያነሣውን ክርክር በሙሉ አስገብቶ፣ ከዚያ በኋላ መለሰለት። ለመጠይቁ ግን እንደ ገና ቤት ለቤት ለመዞር ጊዜ ስላልነበረው፣ “የአብነት ነዋሪዎች” የሚለውን ርእስ ሰርዞ “በአብነት ጣቢያ በጠዋት የተገኙ ተሳፋሪዎች” ብሎ አረመው፤ በኮምፒውተር ቤቱም የሽፋኑን ገጽና መደምደሚያውን ብቻ ዳግመኛ አሳተመ።